በአሜሪካ ጦር እያገለገላችሁ ኮሌጅ ለመማር፦ ክፍያውን ማን፣ መቼ፣ እንዴት ይሸፍናል?

ከጎንደር በዲቪ ሄደው የአሜሪካ ጦር ውስጥ የገቡ ልጆች አሉ። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ስትማር ቆይታ፣ ዲቪው ሲደርሳት ትምህርቷን አቋርጣ ነው የሄደችው። እዚህ ሆኜ ወረቀቷን የምሯሯጥላት እኔ ነኝ። ይህን የሰሙ ሌሎችም ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ጦሩ ያስተምራል ይባላል፤ ገንዘቡን የማገኘው እንዴት ነው?»

ጦሩ በእርግጥ ያስተምራል። ገንዘቡ ግን ከአንድ ቦታ አይመጣም። አንዳንዱ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ካልተጠቀማችሁበት ይቃጠላል። አንዳንዱ ደግሞ አንዴ ካለቀ አለቀ። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ የማይታደሰውን ቀድመው ይጨርሱታል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚከፈልበትን ኮርስ ብዛት ቀንሱ። ቀጥሎ የሚታደሰውን ገንዘብ ተጠቀሙ። የማይታደሰውን ለመጨረሻ አቆዩት።

የምጽፈው በዋናነት ስለ ምድር ጦሩ፣ ስለ አርሚ ነው። አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ የራሳቸው ድረ ገጽና አሠራር አላቸው። የክፍያው ጣሪያ ግን ከላይ ከመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ስለሚወሰን ለሁሉም አንድ ነው።

1. የጎንደሩን ትራንስክሪፕት አስመጡ

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙ ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ጦሩ በዓመት የሚከፍለው እስከ 18 ክሬዲት ነው። አስሉት፤ ከዜሮ የጀመረ ሰው ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ እዚህ የተማራችሁት እያንዳንዱ ኮርስ ዋጋ አለው። አሥር ኮርስ፣ ማለትም 30 ክሬዲት ያህል ቢያዝላችሁ፣ በጦሩ የክፍያ ልክ 7,500 ዶላር ነው። ጊዜውም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያጥራል።

«የኢትዮጵያ ትምህርት እዚያ አይሠራም» የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አንደኛ ዓመት ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ ወስዷል። እነዚህ አሜሪካም በየኮሌጁ ያሉ ኮርሶች ናቸው። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ አቻ ባይገኝለት እንኳ በምርጫ ኮርስነት ሊያዝ ይችላል። የሚወስነው የምትገቡበት ኮሌጅ ነው። ለመወሰን ግን ወረቀቱን ማየት አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ የውጭ አገር ትራንስክሪፕት እንዳለ አይቀበልም። እንደ ደብሊውኢኤስ ወይም ኢሲኢ ያለ ገምጋሚ ድርጅት ወደ አሜሪካ ክሬዲት እንዲተረጉመው ይፈልጋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የትኛውን ድርጅት እንደሚቀበል ኮሌጁን ጠይቁ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ይህ ሰው ይህን ያህል ተምሯል» ብሎ በጥቅሉ የሚናገር ነው። ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ ይዘረዝራል። ርካሹ የመጀመሪያው ነው፤ ክሬዲት ለማዛወር ግን አይረዳም። ሁለተኛውን እዘዙ።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ከአሜሪካ ደውሎ ሬጅስትራር ማግኘት አይታሰብ። እዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው። ሰው ያስፈልጋችኋል። ገና ካልሄዳችሁ ለእናት፣ ለወንድም ወይም ለምታምኑት ሰው ውክልና ሰጥታችሁ ሂዱ። ከሄዳችሁ ደግሞ ውክልናው በኤምባሲያችን ወይም በቆንስላ በኩል ያልፋል፤ እዚህም ማረጋገጫ ይፈልጋል። ጣጣው ብዙ ነው። ውክልናው ላይ «ትራንስክሪፕት የማውጣት፣ ክሊራንስ የመጨረስ፣ ክፍያ የመፈጸም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። «የትምህርት ጉዳዬን እንዲከታተል» የሚል ጥቅል ቃል መስኮት ላይ ያስመልሳል።

አቋርጣችሁ የሄዳችሁ ከሆነ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ዊዝድሮዋል ሞልታችሁ ነው የወጣችሁት ወይስ ዝም ብላችሁ? ዝም ብሎ የጠፋ ሰው የመጨረሻው ሴሚስተሩ ውጤት ሊበላሽበት ይችላል። ሁለተኛ፣ የወጪ መጋራቱ ጉዳይ አለ። ውሉን ፈርማችኋል። የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶና የምግብና የመኝታውን ሙሉውን ትጋራላችሁ። ይህ ሳይዘጋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማግኘት ያስቸግራል። ሒሳቡን አስወጡና ክፈሉት። በብር ስለሚታሰብ ዶላር ለሚያገኝ ሰው ከባድ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ጥቅም ደግሞ ብዙ እጥፍ ነው።

ስለ ፖስታው ላስጠንቅቅ። ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕቱን ፖስታ ውስጥ ከትቶ ያሽገዋል፤ ማኅተሙንም በመታሸጊያው መስመር ላይ፣ ግማሹ ክዳኑ ላይ ግማሹ ፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይመታል። ያ ማኅተም ከተቀደደ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። እህቴ «እስቲ የልጄን ውጤት ልየው» ብላ ጣቷን ክዳኑ ሥር ስታስገባ ነው የደረስኩባት። ውጤቱን ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ የተማሪ ኮፒ ለብቻው አስወጡ። ገምጋሚው ድርጅት የሰጣችሁ የማመልከቻ ቁጥርም ፖስታው ላይ ይጻፍ። አንዳንዱ ድርጅት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ካልተላከልኝ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ «ቤት ወስጄ በኋላ እልከዋለሁ» አትበሉ፤ የድርጅቱን መመሪያ አትማችሁ መስኮቱ ላይ አሳዩ።

እግረ መንገዳችሁን ዲፓርትመንቱ ጋ ጎራ ብላችሁ የኮርስ አውትላይን ጠይቁ። ኮሌጁ አንድን ኮርስ ለመቀበል ሲያመነታ ያንን ስትልኩለት ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል።

ጎንደር ዲግሪውን ጨርሶ የሄደ ሰው ግን ነገሩ ይለይበታል። ያላችሁ ዲግሪ ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር እኩል ነው ከተባለ፣ የጦሩ የትምህርት ክፍያ በዚያው ደረጃ ሁለተኛ ዲግሪ አያስተምርም። ያኔ ወደ ማስተርስ ሂዱ፤ እሱን ይከፍላል። ወረቀቱን ደብቆ እንደ አዲስ ከአንደኛ ዓመት ለመጀመር የሚያስብ ልጅ ገጥሞኛል። ይህ ለመንግሥት የሐሰት መረጃ መስጠት ነው። ከዚህም በላይ የለፋበትን ዲግሪ እንደሌለ መቁጠር ነው፤ በጣም ያሳዝነኛል።

2. በነጻ የሚገኘውን ክሬዲት ሰብስቡ

ቤዚክ የሚባለው የመጀመሪያው ወታደራዊ ሥልጠናና የሙያ ሥልጠናው ራሱ ክሬዲት አለው። ጄኤስቲ የሚባል የጦሩ ትራንስክሪፕት አለ። እዚያ ላይ የወሰዳችሁት ሥልጠና በኮሌጅ ክሬዲት ምን ያህል እንደሚገመት ተዘርዝሯል። ኦንላይን ገብታችሁ ወደ ኮሌጁ በነጻ ታስልኩታላችሁ። ምን ያህሉን እንደሚቀበል ኮሌጁ ይወስናል። አየር ኃይል የገባችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ የእናንተ በራሱ በአየር ኃይሉ ኮሌጅ በኩል ነው።

ቀጥሎ ክሌፕ የሚባለው ፈተና ነው። ክፍል ሳትገቡ ተፈትናችሁ ካለፋችሁ የኮርሱ ክሬዲት ይሰጣችኋል። በሥራ ላይ ላለ ወታደር የመጀመሪያው ሙከራ ክፍያው ይሸፈናል። ጎንደር ላይ በማትስ ወይም በባዮሎጂ ጎበዝ የነበረ ልጅ እነዚህን ኮርሶች ቁጭ ብሎ እንደገና የሚማርበት ምክንያት የለም። አንድ የፈተና መጽሐፍ ከላይብረሪ ተውሳችሁ ቅዳሜና እሑድ አንብቡ። ከወደቃችሁ ሦስት ወር ጠብቃችሁ ነው የምትደግሙት። ኮሌጁ የትኞቹን የክሌፕ ፈተናዎች እንደሚቀበል ግን አስቀድማችሁ እዩ።

አማርኛችሁንም አትርሱት። ጦሩ የቋንቋ ችሎታ ፈተና አለው፤ አማርኛም ከሚፈተንባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በውጤቱ መሠረት ክሬዲት የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ። የጦር ሰፈራችሁ ውስጥ ያለውን የትምህርት ቢሮ፣ ኢዱኬሽን ሴንተሩን ጠይቁ።

3. ኮሌጁን ስትመርጡ

ኮሌጁ ከመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ጋር የስምምነት ሰነድ የፈረመ መሆን አለበት። ካልፈረመ ጦሩ አይከፍልለትም። መፈረሙ ግን ጥሩ ኮሌጅ ነው ማለት አይደለም። ወታደርን እያሳደዱ የሚመዘግቡ ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች አሉ፤ ማስታወቂያቸው ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው አይጠፋም። አይቲቲ ቴክ የሚባለው ሰንሰለት ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ በድንገት ሲዘጋ፣ ብዙ የቀድሞ ወታደሮች ገንዘባቸውም ክሬዲታቸውም መንገድ ላይ ቀርቷል። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እዚህ የምወስደውን ክሬዲት የክልሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል?» መልሱን ከዩኒቨርሲቲው ስሙ እንጂ ከመዝጋቢው አትስሙ።

ስለ ዋጋ አንድ መልካም ነገር አለ። በፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ከ30 ቀን በላይ በሥራ ላይ ያለ ወታደር በቋሚነት በተመደበበት ክልል የመንግሥት ኮሌጅ የሚከፍለው እንደ ነዋሪ ነው። ባለቤቱና ልጆቹም እንደዚያው። የነዋሪና የእንግዳ ክፍያ ልዩነት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኮሌጁ በስህተት እንደ እንግዳ ካስከፈላችሁ የምደባ ትእዛዛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

4. ቲኤ፦ በየዓመቱ የሚታደሰው ገንዘብ

ቱሽን አሲስታንስ፣ በአጭሩ ቲኤ፣ ዋናው መንገዳችሁ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ክሬዲት እስከ 250 ዶላር ይከፍላል። በአንድ የበጀት ዓመት እስከ 4,500 ዶላር። ሦስት ክሬዲት ያለው ኮርስ 750 ዶላር ነው፤ ስለዚህ በዓመት ስድስት ኮርስ ማለት ነው። ገንዘቡ በእጃችሁ አይገባም፤ ከጦሩ ቀጥታ ለኮሌጁ ይሄዳል። ብድር አይደለም። በሥራ ላይ ያለ መኮንን ከሆናችሁ ሁለት ዓመት ተጨማሪ የማገልገል ግዴታ ይከተላል፤ ተራ ወታደር ግን ይህ የለበትም።

መጽሐፍ አይሸፍንም። ኮሌጁ በየስሙ የሚጨማምራቸውን ልዩ ልዩ ክፍያዎችም አይሸፍንም። በክሬዲት 400 ዶላር የሚያስከፍል ኮሌጅ ከመረጣችሁ ልዩነቱ ከኪስ ነው፤ በአንድ ኮርስ 450 ዶላር። ለዚህ ነው ብዙ ወታደር ዋጋውን 250 ላይ ያቆመለትን ኮሌጅ የሚመርጠው።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስቀል ባለፈ በሦስት በአራት ቀኑ ማለት ነው። ያልተጠቀማችሁበት ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም። ቤተሰብ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሲደውል ያለፈውን ዓመት ድርሻ ተጠቅማችሁበት እንደሆነ አስቡ።

አወጣጡን ላስረዳ። የሙያ ሥልጠናውን ጨርሳችሁ የጦር ክፍላችሁ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ አርሚ ኢግናይትኢድ በሚባለው ድረ ገጽ አካውንት ትከፍታላችሁ። ኮሌጁንና የምትማሩትን ዘርፍ ትመርጣላችሁ። ከኢዱኬሽን ሴንተሩ ካውንስለር ጋር ትነጋገራላችሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ኮርስ ለየብቻ የቲኤ ጥያቄ ታቀርባላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጁ ዘንድ መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ቲኤ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም መደረግ አለባቸው። ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ቲኤው መጽደቅ አለበት፤ ካልጸደቀ ሒሳቡ በእናንተ ስም ይመጣል። ትምህርቱ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው አትሯሯጡ፤ ሳምንታት አስቀድሙ። የዲሲፕሊን ወይም ሌላ «ፍላግ»፣ ማለትም መዝገቡ ላይ የእገዳ ምልክት፣ ያለበት ወታደር ጥያቄው ሊታገድበት ስለሚችል መዝገባችሁን ንጹሕ አድርጉ።

አሁን ስለ ውጤት። በመጀመሪያ ዲግሪ ከሲ በታች ካመጣችሁ የተከፈለውን ትመልሳላችሁ፤ ከደመወዝ ይቆረጣል። በማስተርስ መስመሩ ቢ ነው። ኮርስ በራሳችሁ ምክንያት ካቋረጣችሁም እንደዚያው። አማካይ ውጤታችሁ 15 ክሬዲት ከሞላችሁ በኋላ ከ2.0 ከወረደ ቲኤው እስኪስተካከል ይቆማል።

ወታደር ደግሞ ጊዜው የራሱ አይደለም። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ኮርስ በጀመረች በአምስተኛው ሳምንት ክፍሏ ለልምምድ ሜዳ ወጣ። እሷ እንደምትለው እዚያ ስልክ አይሠራም፣ ላፕቶፕ አይያዝም፤ ማታ ባትሪ እያበራች ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ድርሰት ስትመለስ ነው የተየበችው። የዳነችው ከመውጣቷ በፊት ለአስተማሪዋ ኢሜይል ስለጻፈች ነው። ስለዚህ ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት የሥልጠናውን ካላንደር ከሰርጀንታችሁ ተቀበሉ። ረጅም ልምምድ ያለበትን ጊዜ ዝለሉት። ብዙዎቹ የኦንላይን ኮርሶች ስምንት ሳምንት ብቻ ስለሆኑ ሌላ ዙር በቅርብ አለ። ድንገት ከታዘዛችሁና የግድ ማቋረጥ ካለባችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። በሥራ ምክንያት መሆኑን አዛዣችሁ በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ዕዳው ይነሳል። ያ ወረቀት ከሌለ ግን ትከፍላላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ኮርስ ብቻ ውሰዱ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጎበዝ ተማሪም ቢሆን ንጋት ላይ ስፖርት ሠርቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ፣ ማታ በእንግሊዝኛ ድርሰት መጻፍ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

5. ፔል ግራንት፦ ብዙዎች የሚተዉት ገንዘብ

ይህን የሚሞሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ያናድደኛል። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል ቅጽ በነጻ ይሞላል። ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ይበቃል። ዝቅተኛ ገቢ ያለው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያልያዘ ተማሪ ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል። ከፍተኛው በ2025–26 እ.ኤ.አ የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ምን ያህል እንደሚደርሳችሁ በደመወዛችሁ፣ በቤተሰብ ብዛትና በምትወስዱት ኮርስ ይወሰናል። አይመለስም።

«የወላጆቼን ገቢ ማስረጃ ከጎንደር ከየት አመጣለሁ?» ብለው የሚተዉት አሉ። አያስፈልግም። ለሥልጠና ብቻ ሳይሆን በመደበኛ ሥራ ላይ ያለ ወታደር በፋፍሳ ራሱን እንደቻለ ሰው ይቆጠራል። አባትና እናት አይጠየቁም። የምትሞሉት የራሳችሁን ነው፤ ያገባችሁ ከሆነ የባለቤታችሁንም። ቲኤ ትምህርቱን ከከፈለ በኋላ ከፔሉ የተረፈው ለእናንተ ይመለሳል። መጽሐፍና ላፕቶፕ ከዚያ ይገዛል።

6. ጂአይ ቢልን አትንኩት

የድኅረ 9/11 ጂአይ ቢል ላገለገለ ወታደር የሚሰጠው፣ የማይታደሰው የትምህርት ገንዘብ ነው፤ የሚከፍለው ለ36 ወር ትምህርት ነው። 36 ወር በሥራ ላይ ያገለገለ ሰው መቶ በመቶ ያገኛል። በመንግሥት ኮሌጅ የነዋሪውን ክፍያ ሙሉ ይሸፍናል። ለመጽሐፍ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ይሰጣል። ከሁሉ የሚበልጠው የቤት አበሉ ነው። ይህ አበል ግን በሥራ ላይ እያላችሁ አይከፈልም። ዩኒፎርም ላይ ሆናችሁ ከተጠቀማችሁበት ወሩ ይቆጠራል፣ የቤት አበሉ ግን ይቀራል። ቲኤ ያልሸፈነውን በጂአይ ቢል መሙላት የሚባለውም እንደዚሁ ከወራችሁ ይበላል። በክሬዲት ለ150 ዶላር ልዩነት ብላችሁ አትንኩት። ርካሽ ኮሌጅ ፈልጉ።

ልጅ ያላችሁ ወይም የምታስቡ ደግሞ ይህን ስሙ። ስድስት ዓመት አገልግላችሁ አራት ዓመት ለመጨመር ከፈረማችሁ፣ ጂአይ ቢላችሁን ለባለቤት ወይም ለልጅ ማስተላለፍ ትችላላችሁ። ማስተላለፉ የሚፈጸመው በሥራ ላይ እያላችሁ ነው። ከወጣችሁ በኋላ «ለልጄ ይሁን» ብትሉ የሚሰማ የለም።

7. ባለቤታችሁን ከጎንደር ካመጣችሁ

ማይካ የሚባል የባለትዳሮች ድጋፍ አለ። ባለቤታቸው ገና ዝቅተኛ ማዕረግ ላይ ላለ ባለትዳሮች እስከ 4,000 ዶላር ይከፍላል። ለሙያ ፈቃድ፣ ለሰርተፊኬት ወይም ለሁለት ዓመት ዲግሪ ነው፤ ለአራት ዓመት ዲግሪ አይሆንም። የሕመምተኛ ረዳትነት፣ ደም የመቅዳት ሙያና የመሳሰሉት አጫጭር ሥልጠናዎች በዚህ ይሸፈናሉ። ማዕረጋችሁ ሲያድግ ዕድሉ ሊዘጋ ስለሚችል ቶሎ ያመልክቱ። የሚያመለክተው ባለቤቱ ወይም ባለቤቷ ናቸው እንጂ ወታደሩ አይደለም። የእነሱም የጎንደር ትራንስክሪፕት ከእናንተው ጋር በአንድ ውክልና ሊወጣ ይችላል፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ ሰው ወክሉ።